መለኪያው ወረቀት

ወረቀቱ ነጭና ወፈር ያለ ነው። አንድ ዳሩ ላይ ክቦች ታትመውበታል፤ በብዙ ቦታ አምስት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ 13 ሚሊ ሜትር ያህል። ከጎናቸው የእናትየው ስም፣ ልጁ የተወለደበት ቀንና ሰዓት፣ ክብደቱና ደሙ የተወሰደበት ሰዓት የሚሞላበት ቅጽ ተያይዟል። በአሜሪካ፣ በአብዛኛው አውሮፓ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተረከዙ የሚወሰድ ጥቂት ደም እነዚህ ክቦች ላይ ያርፋል። እዚያ የወለዱ ኢትዮጵያውያን እናቶች ነገሩን ያውቁታል። አራስ ልትጠይቅ የመጣች አያት «ገና ሁለት ቀኑ እኮ ነው፣ ምን ደም አለውና!» ብላ ስትቆጣ፣ ነርሷ የልጁን ተረከዝ ለብ ባለ ጨርቅ እያሞቀች ታስረዳታለች። ደሙ ይደርቃል፣ ወረቀቱ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፣ አብዛኛው ቤተሰብም ስለዚያ ወረቀት ዳግም ሳይሰማ ልጁን ያሳድጋል።

የሚፈለገው በዓይን የማይታይ ነገር ነው። ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባለውን፣ ባለሙያዎች በአጭሩ ፒኬዩ የሚሉትን ሕመም እንውሰድ። ይህን ይዞ የተወለደ ልጅ ሲወለድ ምንም የሚጎድለው አይመስልም። ይጠባል፣ ያለቅሳል፣ ይተኛል። ጉበቱ ግን ፌኒልአላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ወደ ታይሮሲን የሚለውጠው ኢንዛይም የለውም፣ ወይም ያለው አለ የማይባል ነው። ፌኒልአላኒን በእናት ጡት ወተትም፣ በሥጋም፣ በጥራጥሬም ፕሮቲን ውስጥ አለ። ማሕፀን ውስጥ ሳለ ችግር አልነበረም፤ በእንግዴ ልጁ በኩል የእናቱ ጉበት ሥራውን ይሠራለት ነበር። እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ ግን በጠባ ቁጥር ፌኒልአላኒኑ ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፣ አንጎሉንም ቀስ በቀስ ይጎዳል። ወላጆቹ «ይህ ልጅ መቀመጥ ዘገየብን» ሲሉ ወራት አልፈዋል፤ የተጎዳውም አንጎል ወደነበረበት አይመለስም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ከታወቀ ግን ፌኒልአላኒን በተቀነሰበት ልዩ ወተትና በተመጠነ ምግብ ያድጋል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ትዳር ይይዛል። በአሜሪካ ከ10,000 እስከ 15,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ይህ ሕመም አለበት። ያን አንዱን ለማግኘት የሁሉንም ተረከዝ መንካት ግድ ነው።

ስለዚህ ምርመራ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ማሽኑን ያወድሳል። ማሽኑ ውዳሴው ይገባዋል፣ እደርስበታለሁ። ለእኔ ግን የሥራው ሁሉ ቁንጮ ያ ወረቀት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለው የደም ምርመራ የሚጠይቀው «በስንት ደም ውስጥ ስንት አለ?» ብሎ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የደሙ መጠን በትክክል መታወቅ አለበት። ደም በጠርሙስ ከሆነ በመለኪያ ቱቦ ይለካል፤ ነገር ግን የአራስ ደም ጥቂት ነው፣ ይረጋል፣ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ጠርሙሱም ከሩቅ ሆስፒታል ላቦራቶሪ እስኪደርስ ይሰበራል ወይም ይበላሻል። ወረቀቱ ይህን ሁሉ ዘሎታል። ደሙ እኩል በሚጠጣ ወረቀት ላይ እኩል ሲሰራጭ፣ ከደረቀ በኋላ ከመሐሉ 3.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ክብ በመብሻ ተቆርጣ ትወጣለች። ያቺ ክብ ከየትኛውም ሕፃን ትምጣ፣ የምትይዘው ደም 3 ማይክሮ ሊትር ገደማ ነው፤ ማይክሮ ሊትር ማለት የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሺህኛ ነው። ማንም ደሙን አልለካውም። የተለካው ወረቀቱ ነው፤ የወረቀቱ ስፋት የደሙን መጠን ይናገራል። ከዚህ በኋላ የምገልጸው የእጅ ጥንቃቄ፣ የማድረቂያው ሥርዓት፣ የፋብሪካው ቁጥጥር ሁሉ ይህቺ እኩልነት እንዳትዛባ የሚደረግ ጥበቃ ነው።

ጥበቃው ከተረከዙ ይጀምራል። የሚወጋው የእግሩ መርገጫ ላይ፣ ከተረከዙ በውስጥ ወይም በውጭ በኩል ያለው ሥጋማ ቦታ ነው። የኋለኛው ጉብታ አይነካም፤ እዚያ አጥንቱ ከቆዳው ቅርብ ነው፣ መሐሉ ላይም ነርቭ አለ። ጥልቀቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ለዚሁ ተብሎ የተሠራው መሣሪያ ከሚወጋ መርፌ ይልቅ የምትሰነጥቅ ትንሽ ምላጭ አለው፤ በአንዳንዶቹ ላይ ስንጥቁ 1 ሚሊ ሜትር ጥልቀትና 2.5 ሚሊ ሜትር ርዝመት ብቻ አለው፤ ምላጯም ወዲያው ተመልሳ ትሰወራለች። የሕፃኑ እግር ከልቡ ዝቅ ብሎ ይያዛል። ሦስት፣ አራት ደቂቃ በለብታ መሞቁ ደሙን ወደ ቆዳው ይስበዋል። ልጁ በዚያ ሰዓት ከእናቱ ደረት ላይ ቢሆን ወይም ቢጠባ ሕመሙ እንደሚቀልለት በጥናት የታወቀ ነው፤ ጥሩ አዋላጅም ይህን ከጥናቱ በፊት ታውቀው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቆዳው በአልኮል ይጸዳል፤ ከዚያ ይጠበቃል። አልኮሉ በራሱ እስኪደርቅ ድረስ አይወጋም፤ ምክንያቱም እርጥቡ አልኮል ከደሙ ጋር ተደባልቆ ያቀጥነዋል፣ የቀጠነ ደም ደግሞ ወረቀቱ ላይ ከሚገባው በላይ ይሰራጫል። የመጀመሪያዋ ጠብታ በንጹሕ ጎዝ ተጠርጋ ትጣላለች፤ ከተሰነጠቀው ሥጋ የሚወጣ ፈሳሽ አለባት። ከዚያ ነርሷ እጇን ትሰበስባለች። ተረከዙን መጭመቅ፣ ማለብ የተከለከለ ነው። ሲጨመቅ ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈነዳሉ፣ የሥጋው ፈሳሽም ይቀላቀላል፤ ወረቀቱ ላይ ሲደርቅ ዳሩ ገርጥቶ ውሃማ ቀለበት ይሠራል። ለስለስ ባለ መያዝ፣ ጫን ለቀቅ በማድረግ ብቻ ጠብታዋ ራሷ እስክታድግ ይጠበቃል። ለሚጣደፍ ሰው ይህ መጠበቅ ከባድ ነው። ልጁ እያለቀሰ፣ እናቱ እያየች፣ ክፍሉ ውስጥ ሌሎች አራሶች ተራ እየጠበቁ፣ እጅን ገታ አድርጎ የጠብታዋን መጎምራት መጠበቅ የዚህ ሙያ የመጀመሪያው ፈተና ነው።

ጠብታዋ ስትጎመራ ወረቀቱ ቀረብ ብሎ ይነካታል፤ ቆዳውን አይነካም፣ ጠብታዋን ብቻ። ደሙ በአንድ ጊዜ ገብቶ ክቡን ይሞላል፣ ወደ ኋላም ዘልቆ በሌላው ገጽ እኩል ይታያል። ነርሷ ወረቀቱን ገልብጣ ትመለከታለች፤ ፊትና ጀርባው አንድ ዓይነት ካልሆነ ክቡ አልሞላም ማለት ነው። እዚህ ላይ የብዙ ጀማሪዎች ስህተት አለ። ክቡ ግማሹ ሲቀር በላዩ ሌላ ጠብታ ደርበው ይሞሉታል። እንጀራ የጋገረ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል፤ ሊጡ ምጣዱ ላይ አንዴ ከተዞረ በኋላ ያነሰበትን ቦታ ለመሙላት ቢመለሱበት እዚያ ጋ ይወፍራል፣ አይበስልም፣ ዓይንም አያወጣም። ደሙም እንደዚያ ነው። በደረቀው ላይ የተደረበው ተከማችቶ ስለሚቀር፣ ከዚያ ቦታ የተበሳችው ክብ ከ3 ማይክሮ ሊትር በላይ ደም ትይዛለች፣ ጤነኛውም ልጅ ታማሚ መስሎ ይወጣል። በሁለቱም ገጽ ማንጠብ ደግሞ እንዲሁ ያዛባል። ክቡ ካልሞላ መተውና ወደ ሌላው ክብ ማለፍ ነው ትክክሉ። በደንብ የሞላ አንድ ክብ ከተበላሹ አምስት ክቦች ይበልጣል።

ከዚያ ማድረቅ ነው። ወረቀቱ በአግድም፣ የደሙ ክፍል ምንም ሳይነካው፣ በክፍሉ ሙቀት ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይቆያል። ቢቆም ደሙ ወደ ታች ይወርዳል፣ ታችኛው ጫፍ ይወፍራል። ፀሐይ ላይ አይወጣም፣ በማሞቂያ አይቸኮልም፣ ሳይደርቅ አይደራረብም። ጥሩ ሆኖ የደረቀ ነጠብጣብ ቀዩን ደማቅነት ትቶ ወደ ጥቁር ቡናማ ይሄዳል፣ ዳሩ ጥርት ያለ፣ ወለሉም አንድ ወጥ ነው። ላቦራቶሪ የገባ ወረቀት መጀመሪያ የሚገጥመው የሰው ዓይን ነው፤ የለመደ ሰው ደግሞ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አይቶ የት ላይ እንደተቸኮለ ይነግርሃል። የተጨመቀውን ከገረጣው ቀለበት፣ የተደረበውን ከጠቆረው እምብርት፣ ሳይደርቅ የታሸገውን ከተለወሰው ዳር ይለየዋል። ብቁ ያልሆነው ይመለሳል፣ ልጁም ዳግም ይወጋል።

ወረቀቱ ራሱ ተራ ወረቀት አይደለም። ከጥጥ ፍሬ ላይ ከሚለቀመው አጭር ጭረት፣ ምንም ኬሚካል ሳይጨመርበት የሚሠራ ማጣሪያ ወረቀት ነው። በሙያው ውስጥ 903 በሚል ቁጥሩ የሚታወቀው ዓይነት ለዓመታት መስፈርት ሆኖ ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ይህን የሚከታተል የጥራት መርሐ ግብር አለው፤ እያንዳንዱ አዲስ የወረቀት ምርት ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ በስንት ሴኮንድ እንደሚጠጣ ይፈተሻል። 3.2 ሚሊ ሜትሯ ክብ የምትይዘው የደም ውሃ፣ ማለትም ሕዋሳቱ ሲለዩ የሚቀረው ፈሳሽ፣ ከ1.37 እስከ 1.71 ማይክሮ ሊትር ባለው ክልል ውስጥ መውደቅ አለበት። ስለ ወረቀት እንዲህ ዓይነት ጥብቅነት ሌላ የት እንዳለ አላውቅም። ማንም የማያየው ፋብሪካ ውስጥ ያለ የጥጥ ጭረት አደራደር በአንድ ሕፃን የምርመራ ቁጥር ላይ ይታያል።

ወረቀቱን ለዚህ ሥራ ያበቃው ሮበርት ጋትሪ ነው፤ ሐኪምም የባክቴሪያ ተመራማሪም ነበር። ከእሱ በፊት ሁለት ሰዎች መንገዱን ከፍተውለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ኖርዌያዊው አስቢዮርን ፎሊንግ፣ ሁለት ልጆቿ ለምን እንደዘገዩ ሐኪም ለሐኪም ስትዞር የቆየች እናት ይዛለት የመጣችውን ሽንት መርምሮ በሽታውን ለየ፤ ሽንቱ ላይ ፌሪክ ክሎራይድ ሲጨምርበት አረንጓዴ ሆኖበት ነበር። ከዚያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ በርሚንግሃም ሆርስት ቢክልና ባልደረቦቹ አንዲት ሕፃን ፌኒልአላኒን በተቀነሰበት ምግብ መሻሻሏን አሳዩ፤ የልጅቷ እናት በየማለዳው እየመጣች ሕክምና ፈልጉላት እያለች አላስቆም አላስቀምጥ ብላቸው ነበር። እዚህ ታሪክ ውስጥ የእናቶች ግትርነት ተደጋግሞ ይመጣል። መድኃኒቱ ተገኘ፤ ግን የሚደርሰው ዘግይቶ ነበር። ፌሪክ ክሎራይድን ዳይፐር ላይ ማንጠብ ተሞከረ፤ በሽታው በሽንት የሚታየው ግን ልጁ ሳምንታት ካስቆጠረ በኋላ ነው፣ አንጎሉም አይጠብቅም።

ጋትሪ የራሱ ልጅ በአእምሮ እድገት ውስንነት የተወለደ ነበር፤ የልጁ ምክንያት ፒኬዩ አልነበረም። በ1958 ግን የሚስቱ እህት ልጅ በፒኬዩ መያዟ ታወቀ፤ ዓመት አልፏት ነበር። በዚያው ጊዜ ኒውዮርክ ግዛት በፋሎ ከተማ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ የታማሚ ልጆችን ፌኒልአላኒን በቀላሉ የሚለካበት መንገድ እንዲፈልግ ተጠይቆ ነበር። ቀድሞ ካንሰር ሲያጠና የለመደውን ዘዴ አመጣ።

ዘዴው እስካሁን ሳስበው ያስደንቀኛል። አጋር በተባለ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ጄል ላይ ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለ፣ ሰውን የማይጎዳ የአፈር ባክቴሪያ ይዘራል። አጋሩ ውስጥ ቤታ ቲየኒልአላኒን የተባለ ነገር ይጨመራል፤ ይህ ፌኒልአላኒንን በጣም ስለሚመስል ባክቴሪያው ተታልሎ ይወስደዋል፣ ተታልሎም እድገቱ ይቆማል። ከዚያ ከወረቀቱ የተበሱት ትንንሽ ክቦች በመስመር በመስመር አጋሩ ላይ ይደረደራሉ፤ በአንድ ሳህን ላይ የብዙ ሕፃናት ደም ይቀመጣል። ክቧ ውስጥ ያለው ፌኒልአላኒን ከፍ ያለ ከሆነ ወደ አጋሩ ይፈስሳል፣ አታላዩን ያሸንፈዋል፣ ባክቴሪያውም በክቧ ዙሪያ መልሶ ያድጋል። ሳህኑ አንድ ሌሊት ይታቀፋል። ጠዋት ሲታይ በጤነኞቹ ልጆች ደም ዙሪያ ምንም የለም፤ በታማሚው ደም ዙሪያ ግን ደመና የመሰለ የእድገት ቀለበት አለ። በአንድ መስመር ላይ መጠናቸው የታወቀ፣ ከአነስተኛ ወደ ከፍተኛ የሚሄዱ መለኪያ ክቦች ስላሉ፣ የቀለበቱ ስፋት ከእነሱ ጋር ተነጻጽሮ መጠኑ ይነበባል። ማሽን የለም፣ ኤሌክትሪክ ከማሞቂያው ሳጥን በስተቀር አያስፈልግም። የሚለካው ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ጤነኛው ዝም ይላል፣ የታመመው ራሱን ያሳያል። በሺህ የሚቆጠር ወረቀት ለሚያይ ሰው ከዚህ የተሻለ ዝግጅት አይታሰብም፣ ምክንያቱም ዓይን የሚቆመው መቆም ባለበት ቦታ ብቻ ነው።

ጋትሪ መጀመሪያ የሞከረው በተለየ የደም ውሃ ነበር፤ በኋላ ነው ሙሉውን ደም በወረቀት ላይ አድርቆ እንዳለ መጠቀም እንደሚቻል ያየው። በእኔ ፍርድ ታላቁ እርምጃ እዚህ ላይ ነው፤ ባክቴሪያው ዛሬ ተረስቷል፣ ወረቀቱ ግን አለ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካ 29 ግዛቶች ከ400,000 በላይ ሕፃናት በዚህ ዘዴ ተመርምረው 39 ፒኬዩ ያለባቸው ተገኙ። የሙከራው ጽሑፍ በ1963 ታተመ፤ በዚያው ዓመት ማሳቹሴትስ ምርመራውን በሕግ አስገዳጅ አደረገች፣ ሌሎችም ተከተሉ።

የወረቀቱ ሁለተኛ ሕይወት የጀመረው በካናዳዋ ኬቤክ ነው። በ1970ዎቹ ዣን ዱሶ ከዚያው ከደረቀ ነጠብጣብ የታይሮይድ ሆርሞንን መለካት እንደሚቻል አሳየ። የታይሮይድ ዕጢያቸው ሳይሠራ የሚወለዱ ልጆች ከፒኬዩ እጅግ ይበዛሉ፤ ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚወለዱት አንዱ ነው። ወረቀቱ አልተለወጠም፣ ጠብታው አልጨመረም፤ ሌላ ትንሽ ክብ ተበሳ፣ ያው ብቻ ነው።

ሦስተኛው በ1990 ገደማ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ሚሊንግተንና ባልደረቦቹ ያመጡት ታንደም ማስ ስፔክትሮሜትር ነው፤ አሁን ማሽኑን ላወድስ። 3.2 ሚሊ ሜትሯ ክብ 96 ጉድጓድ ባለው ሳህን ውስጥ ትጣላለች፣ ሜታኖል ይፈስስባታል፣ አሚኖ አሲዶቹም ከጥጡ ይለቃሉ። ፈሳሹ በኤሌክትሪክ ኃይል ረቂቅ ሆኖ ሲረጭ እያንዳንዱ ሞለኪውል ሙል ይይዛል። ፌኒልአላኒን በዚያ ሁኔታ ክብደቱ 166 ነው። የመጀመሪያው ክፍል 166ን ብቻ መርጦ ያሳልፋል። መሐል ላይ ከጋዝ ጋር ተጋጭቶ ይሰበራል፤ ሲሰበር ሁልጊዜም 46 ያህል ክብደት ያለው ቁራሽ ይጥላል። ሁለተኛው ክፍል የቀረውን 120 ያነባል። 166 የነበረና 120 የሆነ ነገር ካለ ፌኒልአላኒን አለ ማለት ነው። ሌሎቹም አሚኖ አሲዶች ብዙዎቹ ያንኑ 46 ይጥላሉ፤ ስለዚህ ማሽኑ «46 የጣለ ማን ነው?» ብሎ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ይጠራቸዋል። ስብን ወደ ኃይል መለወጥ የማይችሉ ልጆች ደም ውስጥ የሚከማቹት አሲልካርኒቲኖች ደግሞ ሲሰበሩ ሁሉም 85 የሚመዝን ቁራሽ ይተዋሉ፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ኦክታኖይልካርኒቲን 288 ሆኖ ገብቶ በ85 ይታወቃል። እሱ ከፍ ያለበት ልጅ ለረጅም ሰዓት ሳይመገብ ቢቆይ የደሙ ስኳር ወርዶ ሊሞት ይችላል፤ መከላከያው በዋናነት እንዳይራብ መጠበቅ ነው። ይህ ሁሉ ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል።

ከዚህም የበለጠ የማደንቀው አንድ ረቂቅ ዘዴ አለ። በሜታኖሉ ውስጥ አስቀድሞ መጠኑ የታወቀ ሌላ ፌኒልአላኒን ተጨምሯል፤ አምስቱ ሃይድሮጂኖቹ ከበድ ባለው ሃይድሮጂን፣ በዲዩተሪየም ተተክተዋል። በኬሚካል ባሕርዩ ከልጁ ፌኒልአላኒን ጋር አንድ ነው፣ ክብደቱ ብቻ በ5 ይበልጣል። 171 ሆኖ ይገባል፣ 125 ሆኖ ይወጣል። ማሽኑ ዛሬ ደከም ቢል፣ ፈሳሹ ጥቂት ቢባክን፣ ሁለቱም እኩል ይቀንሳሉ። የሚነበበው አንዱ ለሌላው ያለው ድርሻ ስለሆነ ጉድለቱ ራሱን ያጠፋል። ማሽኑ የራሱን ድካም የሚያርምበት ምስክር በውስጡ ይዟል ማለት ነው።

ሊያርመው የማይችለው ግን የነርሷን እጅ ነው። ያቺ ክብ 3 ማይክሮ ሊትር ደም ይዛለች ብሎ አምኖ ይጀምራል፤ ተደርቦባት 5 ብትይዝ ማሽኑ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ባለሙያዎች ለዚህም ከፊል መፍትሔ አገኙ። ፌኒልአላኒንን ብቻ ከማየት ፌኒልአላኒን ለታይሮሲን ያለውን ድርሻ ያያሉ። ሁለቱ ከአንዲት ክብ ስለሚወጡ ደሙ ቢበዛ ሁለቱም አብረው ይበዛሉ፣ ድርሻው አይነቃነቅም። ጉበቱ ገና ያልጠና፣ ያለጊዜው የተወለደ ልጅም ሁለቱ አብረው ከፍ ሊሉበት ይችላሉ። ፒኬዩ ያለበት ልጅ ግን አንደኛው ሲወጣ ሌላኛው አይከተለውም፣ ምክንያቱም የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው መሸጋገሪያ ነው። በዚህ ድርሻ ሳቢያ ያለ ምክንያት የሚደነግጡ ቤተሰቦች ቁጥር ቀንሷል። እንደዚያም ሆኖ የመጀመሪያው ወረቀት ፍርድ አይደለም፤ ልየታ ነው። ጥርጣሬ ካለ ሌላ ደም ይወሰዳል፣ በሌላ መንገድ ይረጋገጣል፤ ስልክ የሚደውለው ባለሙያም ጥርጣሬን ከበሽታ ለይቶ፣ ጡት ይቀጥል ወይም ይቁም የሚለውን በግልጽ ነግሮ መዝጋት አለበት። አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ዘንድ ያ ስልክ በአስተርጓሚ ሲደርስ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ነው።

ወደ አገራችን ስመጣ፣ ይህ ወረቀት ለኢትዮጵያ ጤና ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። ኤች አይ ቪ በደማቸው ካለ እናቶች የሚወለዱ ሕፃናት ከስድስት ሳምንት ገደማ ጀምሮ የሚመረመሩት በዚሁ በደረቀ የደም ነጠብጣብ ነው፤ ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶች ዲቢኤስ ይሉታል። ተረከዝ ማሞቅ፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ መጥረግ፣ ክቡን በአንድ ጊዜ መሙላት፣ በአግድም ማድረቅ፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሮ ማሸግ ያውቃሉ። የደረቁት ወረቀቶች በፖስታ አገልግሎት ጭምር ከወረዳ ወደ ማዕከላዊ ላቦራቶሪ ተጉዘዋል። የሙያው ግማሽ፣ ያውም አስቸጋሪው ግማሽ፣ በአገሩ እጆች ላይ አለ። ለሁሉም አራስ የሚደርስ የታይሮይድም ሆነ የፒኬዩ ልየታ ግን መደበኛ አገልግሎት አልሆነም።

ከየት ይጀመር ብባል ያለ ማመንታት ከታይሮይድ እላለሁ። ፒኬዩ የተገኘበት ልጅ ለዓመታት ውድ ልዩ ወተትና የሠለጠነ የምግብ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ያንን ሳያዘጋጁ ልጁን ማግኘት ለወላጆቹ ሌላ ሐዘን ነው። የታይሮይዱ መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን ግን ርካሽ ክኒን ነው። የሚለካው ቲኤስኤች፣ ታይሮይዱ ሲሰንፍ አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ አብዝታ የምትልከው ሆርሞን ነው፤ በደረቀ ነጠብጣብ ላይም በደንብ ይቆያል። እንቅርት በቆየባቸው ደጋማ አካባቢዎች ደግሞ ይኸው ቁጥር እናቶች አዮዲን እንዴት እያገኙ እንደሆነ አብሮ ይናገራል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለዚህ ይጠቀምበታል።

ሰዓቱ ላይ አንድ ችግር አለ። ቲኤስኤች በማንኛውም ሕፃን ላይ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ይፈናጠራል፣ ከዚያ ይወርዳል፤ እናት ከወለደች በጥቂት ሰዓት ወደ ቤቷ በምትሄድበት አገር በዚያው ሰዓት የተወሰደ ደም ብዙ ጤነኛ ልጆችን ያስጠራል። ኤች አይ ቪ የሚመረመርበት ስድስተኛ ሳምንት ደግሞ ለአንጎል በጣም የዘገየ ነው። መሐል ላይ ያለው የሦስተኛው ቀን የድኅረ ወሊድ ጉብኝት ነው። እናትን ቤቷ ድረስ የምታውቀው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዚያ ቀን ወረቀቱን ይዛ ብትሄድ ሰዓቱ ለቲኤስኤችም ለፌኒልአላኒንም ይስማማል። የቆላው ሙቀት አንዳንድ ኢንዛይሞችን ስለሚያበላሽ ጋላክቶሴሚያን የመሰሉ ምርመራዎች ለጊዜው ቢቆዩ ይሻላል። ከዚያ የሚቀረው ውጤቱ በቀናት ውስጥ እንዲመለስ ማድረግ ነው፤ የታይሮይዱ ሕክምና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መጀመር አለበትና። የሌቮታይሮክሲኑ መጠን በኪሎ ከ10 እስከ 15 ማይክሮ ግራም በቀን ነው። ክኒኑ ተፈጭቶ በጥቂት የእናት ወተት በማንኪያ ይሰጣል፣ በየጊዜውም በደም ምርመራ እየታየ ይስተካከላል።